ከሰባት ቤት ወዲያ

አማርኛ ለቺምፓንዚ የራሱ ስም የለውም። ለዝንጀሮ አለው፤ ለጦጣ አለው፤ ለጉሬዛና ለጭላዳም አለው። ስም የሚወጣው አብሮ ለሚኖር ነውና ነገሩ አያስገርምም። ቺምፓንዚ ዛሬ የሚኖረው ከምዕራብ አፍሪቃ ደኖች አንሥቶ እስከ ኡጋንዳና እስከ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳርቻ ድረስ ነው፤ የኢትዮጵያን ጫካ አይረግጥም። በእኛ በአዊ አገር ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያስጮኸ በቆሎውን የሚጠብቀው ከዝንጀሮና ከጦጣ ነው። በተረቱም ውስጥ ቢሆን አያ ጅቦን የምታሞኘው እመት ጦጢት እንጂ ሌላ አይደለችም።

የስሙ አለመኖር ግን ጣጣ አምጥቶብናል። የሰው ልጅ አመጣጥ ጥናት ወደ ቋንቋችን ሲገባ ጅራት ያለውንም የሌለውንም በአንድነት «ዝንጀሮ» ብለን ተረጎምነው። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ተቸክሎ ቀረ። አንዱ ይስቅበታል፣ ሌላው ይቆጣበታል። የመስኩ ተመራማሪዎች ግን እንዲህ አይሉም። ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ አይሉም፤ ዛሬ ካለው ቺምፓንዚም ተወለደ አይሉም። የሚሉት ዘመድ ናቸው ነው። ልዩነቱ በአያትና በአጎት ልጅ መካከል ያለ ልዩነት ነው። (ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት የእምነት ክርክር ለመክፈት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። እኔን የሳበኝ የዝምድናው ነገር ነው።)

ዝምድናን በመቁጠር ረገድ ደግሞ እኛ ከማንም አናንስም። የአዊ ሕዝብ ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ይላል። አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም እየተባለ የሚቆጠረው አገር ከሰባት ወንድማማቾች እንደ ተከፈለ አባቶች ይናገራሉ። ጋብቻ ሲታሰብም የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ዘር ይቆጥራሉ፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገጥም ስም ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። በዚህ ቆጠራ ውስጥ የሚፈለገው ማን ማንን ወለደ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች በስንተኛው ቤት ላይ አንድ አያት ይጋራሉ የሚለው ነው እንጂ። የባንጃው ሰው ከዚገሙ አልተወለደም፤ የዚገሙም ከባንጃው አልተወለደም። ሁለቱም ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ግን አንድ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ። ሰውና ቺምፓንዚ ዘመድ ናቸው ሲባልም ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚረዝመው ቆጠራው ብቻ ነው።

ምን ያህል ይረዝማል? ቁጥር ስንደምር የምንውል የባንክ ሰዎች እንዲህ ያለው ጥያቄ እጃችንን ይበላናልና ላስላው። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢባል ሰባት ቤት 175 ዓመት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ያደርሰናል። የሰውና የቺምፓንዚ የዘር መስመር የተለያየው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት እንደ ሆነ በብዙዎች ይገመታል። ይህ ለ25 ሲካፈል ከ240,000 እስከ 280,000 ቤት ይሆናል፤ የጥንቶቹ ቶሎ ይወልዱ ስለ ነበር ከዚህም ሳይበልጥ አይቀርም። ዝንጀሮና ጭላዳ ከእኛ መስመር የተለዩት ደግሞ እጅግ ርቆ፣ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እንግዲህ ለቺምፓንዚ ከዝንጀሮ ይልቅ፣ ከጎሪላም ይልቅ፣ በዘር የሚቀርበው ሰው ነው። ይህን መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ደግሜ ነበር ያነበብሁት።

እ.ኤ.አ. በ2005 የቺምፓንዚ የዘር ጽሑፍ ከሰው ጋር ጎን ለጎን ተነበበ። ከ3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት መካከል አንዱ በሌላው ተተክቶ የተገኘው 35 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ከመቶ 1.2 ግድም መሆኑ ነው። በአንዱ ተጨምሮ በሌላው የጎደለው ሲታሰብ ልዩነቱ ወደ 4 ከመቶ ከፍ ይላል። በ2025 የታተመው የተሟላ ንባብ ደግሞ ቀድሞ ሊነጻጸሩ ያልቻሉትን ክፍሎች ጨምሮ ልዩነቱን ከዚያም በላይ አስፍቶታል። ስለዚህ «ከመቶ 99 እጅ አንድ ነን» የሚለው የተለመደ አባባል፣ በሂሳቡ ውስጥ ምን እንደ ተደመረና ምን እንደ ተተወ ካልተነገረ ሙሉ አይደለም። እኔን ከመቶኛው ይልቅ የማረከኝ ሌላ ነው። ቺምፓንዚ 48 ክሮሞሶም አለው፤ ሰው 46። የጎደለው ጥንድ ግን አልጠፋም። የሰው ሁለተኛ ክሮሞሶም ሲመረመር ሁለት የቀድሞ ክሮሞሶሞች ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው አንድ እንደ ሆኑ፣ የመጋጠሚያው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። ሁለት ሂሳብ ወደ አንድ ሲጠቃለል በመዝገቡ ላይ ምልክት እንደሚቀር ማለት ነው።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጎሪላና ቺምፓንዚ በአፍሪቃ የሚኖሩ በመሆናቸው የሰውም ጥንት እዚያው ሳይሆን እንደማይቀር ገምቶ ነበር። በጊዜው ይህን የሚደግፍ አንድም የአፍሪቃ ቅሪተ አካል በእጁ አልነበረም። ግምቱን ካጸኑት ስፍራዎች ዋናው ከመቶ ዓመት በኋላ የተገኘው የእኛው አፋር ነው።

በአፋር ምድር ከተገኙት ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚበልጠው ድንቅነሽ አይደለችም፤ አርዲ ናት። በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለ ስፍራ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ተገኙ። በ1994 ኅዳር ላይ በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበሩት ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የእጅ አጥንት ቁራጭ አገኙና አንድ ሙሉ አካል ለማለት የሚቀርብ አጽም ወጣ። አጥንቱ ሲነኩት የሚፈርስ ስለ ነበር አጽድቶና ገጣጥሞ ለዓለም ለማሳየት 15 ዓመት ፈጀ፤ ብርሃኔ አስፋው፣ ቲም ኋይት፣ ገን ሱዋና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በይፋ ያወጡት በጥቅምት 2009 ነው። በዚህ በጥድፊያ ዘመን ለአንዲት ሴት አጽም 15 ዓመት የታገሡ ሰዎች መኖራቸው ብቻውን ያጽናናል።

አርዲ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት። ቁመቷ 120 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ አንጎሏም ከቺምፓንዚ አንጎል የማይበልጥ ነበር። ከእርሷ በፊት ብዙዎች የጠበቁት ወደ ኋላ በራቅን ቁጥር አያቶቻችን ቺምፓንዚን እየመሰሉ ይሄዳሉ ብለው ነው። አርዲ ግን እንዲህ ሆና አልተገኘችም። የእግሯ አውራ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት ቅርንጫፍ ይጨብጣል፤ መሬት ላይ ስትወርድ ግን ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄዳለች። ቺምፓንዚ እንደሚያደርገው በእጁ ጣቶች አንጓ መሬት እየተደገፉ ለመሄድ የሚያበቃ የእጅ አጥንት አልተገኘባትም። ክራንቻዋም ትንሽ ነው። ከዚህ የተነሣ አጥኚዎቿ፣ የሁለታችን የጋራ አያት የዛሬውን ቺምፓንዚ አይመስልም ነበር፤ እኛ በበኩላችን ስንለወጥ እነርሱም በበኩላቸው ተለውጠዋል አሉ። ይህ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት የእጇን አጥንት እንደ ገና ለክቶ፣ በቅርንጫፍ ላይ ለመንጠልጠል የተሠራና ወደ ቺምፓንዚ የሚያደላ ነው ብሏል። ክርክሩ ዛሬም ቀጥሏል።

ከአርዲም የቀደመ አለ። ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የቅርብ ዘመዷ «ካዳባ» ተብሏል፤ በአፋርኛ የአንድን ቤተሰብ የሩቅ መሥራች አያት የሚያመለክት ቃል ነው። ሳይንሱም ከቤተሰብ ቆጠራ ቃል መዋሱን ልብ ይሏል። ጮሮራ በተባለው ስፍራ የተገኙትና በ2007 ይፋ የሆኑት ጥርሶች ደግሞ 8 ሚሊዮን ዓመት ግድም የቆዩና የጎሪላን ጥርስ የሚመስሉ ናቸው። ይህ ምድር በጥንት ዘመን ጅራት አልባ ዘመዶቻችን የሚመላለሱበት ነበር ማለት ነው። ከዲኪካ ስለ ተገኘችው የሦስት ዓመት ሕፃን ስለ ሰላምም አንድ ነገር ልጨምር። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኟት ይህች ሕፃን ከምላስ ሥር ያለው ስስ አጥንቷ ሳይቀር 3.3 ሚሊዮን ዓመት ተሻግሯል፤ ቅርጹም ከሰው ይልቅ የቺምፓንዚን ይመስላል። በሁለት እግሯ ትሄዳለች፤ ጉሮሮዋ ግን ገና የዘመዶቿ ነው። እናቷን ምን እያለች ትጠራት ነበር ይሆን?

የቺምፓንዚስ የዘር መዝገብ ወዴት አለ? የለም ለማለት የሚያስደፍር ነው። እርጥብ ደን ውስጥ የሞተ አጥንት ከመቀበሩ በፊት ይበሰብሳል፤ የአፋርን አጥንቶች ግን የእሳተ ገሞራ አመድና የጥንት ሐይቆች ደለል ሸፍነው ጠብቀዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኬንያ ውስጥ ከባሪንጎ ሐይቅ አጠገብ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ያለፋቸው ጥቂት የቺምፓንዚ ጥርሶች መገኘታቸው ሲነገር እንደ ትልቅ ብሥራት የተቆጠረው ለዚህ ነው። ከአንድ ቤት ከወጡ ሁለት ልጆች የአንዱ ውል ተጽፎ ተቀምጧል፤ የሌላው ተቃጥሏል። ስለዚህ ዘመዳችንን ለማወቅ የቀረው መንገድ በሕይወት ሳለ ማየት ሆነ።

ማየቱን የጀመሩት እንግሊዛዊቷ ጄን ጉዳል ናቸው። በ26 ዓመታቸው፣ በሐምሌ 1960፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ከሚገኘው ጎምቤ ደን ገቡ። ለእንስሳቱ ቁጥር መስጠት ሲገባቸው ስም በማውጣታቸው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ተሳለቁባቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ግን «ሽበቱ ዴቪድ» ብለው የሰየሙት ወንድ የሣር አገዳ መርጦ፣ ኩይሳ ውስጥ ሰዶ፣ ምስጥ እያወጣ ሲበላ አዩ። ሰውን «መሣሪያ የሚሠራ ፍጡር» ብሎ መተርጎም ከዚያ ቀን በኋላ አስቸጋሪ ሆነ። ጉዳል በጥቅምት 2025 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሰዎች ከጎምቤ ያስታወሱት ይህን የምስጡን ወሬ ነው። ጉዳልን እንቅልፍ የነሣቸው ግን ሌላ ነበር። አንድ የነበረው የጎምቤ መንጋ በ1970ዎቹ መባቻ ለሁለት ተከፈለ፤ በሰሜን የቀሩት ካሳኬላ፣ ወደ ደቡብ የወረዱት ካሃማ ተባሉ። በ2018 የወጣ ጥናት የጉዳልን የመስክ መዝገብ መርምሮ እንዳሳየው ለመለያየቱ ዋና ምክንያት የሆነው የሥልጣን ሽኩቻ ነው፤ በወቅቱ አለቃ የነበረው ሃምፍሪ በአንድ ወገን፣ ቻርሊና ሂዩ በሌላ ወገን። ጃንዋሪ 7 ቀን 1974 የካሳኬላ ወንዶች ድንበር ተሻግረው፣ ብቻውን የሚበላ ጎዲ የተባለ የካሃማ ወንድ አገኙ። ሃምፍሪ እግሩን ይዞ መሬት ላይ ሲጫነው ሌሎቹ ደበደቡት። ከዚያ በኋላ ጎዲን ያየው የለም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት ነበር።

ግድያው አራት ዓመት ቀጠለ። ከሟቾቹ መካከል ጎልያድ የተባለው አንጀት ይበላል። ጎልያድ ሁለቱ መንጋዎች አንድ ሳሉ የሁሉም አለቃ ነበር፤ በ1964 ማይክ የሚባል ብልጥ ባዶ የነዳጅ ቆርቆሮ እያንጋጋ መንጋውን አስደንግጦ አለቅነቱን እስኪነጥቀው ድረስ። (ቆርቆሮ አንኳክቶ ሥልጣን መያዝ የሰው ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ተምሬአለሁ።) አርጅቶ፣ ጥርሱ አልቆ፣ ወደ ደቡብ ከወረዱት ጋር ቀረ። በ1975 መጥተው የገደሉት በአንድ ወቅት ፀጉሩን እየፈተሹ ቅማሉን ይለቅሙለት የነበሩት ናቸው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰውን በዝንጀሮ መመሰል በእኛም ዘንድ ስድብ ነው፤ በዓለም ታሪክም ከስድብ አልፎ ግፍ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1906 ኦታ ቤንጋ የተባለ የኮንጎ ሰው በኒው ዮርክ የአራዊት ማሳያ፣ ከዝንጀሮዎቹ ቤት ገብቶ ለተመልካች ቀርቧል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ራሱን አጠፋ። ዝምድናው የአንድ ዘር ወይም የአንድ ቀለም አይደለም፤ የሁላችንም ነው፣ እኩል ነው። በዚህ ልክ ከተያዘ ግን እ.ኤ.አ. ከ1974 ዓይንን ማንሣት ይከብዳል።

በዚያው ዓመት የእኛ አገር አብዮት ፈነዳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ጄኔራል አማን አንዶም የደርግ ሊቀ መንበር ሆኑ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን ቅዳሜ፣ ደርግ ተሰብስቦ የእስረኞችን ስም እያነሣ እጅ በማውጣት ድምፅ ሰጠ። ሌሊቱን ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ጄኔራል አማንም በዚያው ዕለት በቤታቸው ተከብበው ሲዋጉ ወደቁ። ከገዳዮቹ ብዙዎቹ በሟቾቹ ሥር ያገለገሉ፣ ሰላምታ የሰጡ ነበሩ። ወሬው በማግሥቱ እሑድ በራዲዮ ተነገረ።

በዚያችው እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ አዲስ አበባ በድንጋጤ ዝም ባለችበት ሰዓት፣ ሐዳር በረሃ ውስጥ ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር ወደ መኪናቸው ሲመለሱ መሬት ላይ የክርን አጥንት ቁራጭ አየ። ድንቅነሽ ተገኘች። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አያት የተነሣችው የልጅ ልጆቿ በአንድ ጉድጓድ በተቀበሩ ማግሥት ነው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ኅዳር 14 ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ድንቅነሽም የተጻፈው ብዙ ነው። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ የጻፈ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ጉዳልን የነቀፉ ነበሩ። ለእንስሳቱ ሙዝ በመስጠት ጠብ ያመጡባቸው እርስዎ ነዎት ተባሉ። በ2014 የታተመ ሰፊ ጥናት ግን ከ18 የቺምፓንዚ መንጋዎች የተሰበሰቡ 152 ግድያዎችን መርምሮ፣ ነገሩ ከሰው ጣልቃ ገብነት ጋር እንደማይያያዝ ደምድሟል። ግድያው የራሳቸው ነው።

እርቁም የራሳቸው ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ወገኔን የበደልሁ ያህል ይሰማኛል። ፍራንስ ደ ቫል የተባሉ የኔዘርላንድ ሰው በአርነም የአራዊት ማሳያ የቺምፓንዚዎችን ጠብ ሲከታተሉ ቆይተው፣ የተጣሉት ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጅ እየዘረጉ እንደሚሳሳሙና እንደሚተቃቀፉ በ1979 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ጻፉ። በዚያው መንጋ ውስጥ ማማ የምትባል አሮጊት ነበረች። ሁለት ወንዶች ተኳርፈው ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅታቸው እርሷ በመካከል ገብታ ታቀራርባቸው ነበር። እንዲህ ያሉ እናት በየቀበሌያችን አሉ።

የማማ ሽምግልና ግን በአንድ ቅጥር ውስጥ የቀረ ነው። በእኛ አገር ደም ሲፈስ ከገዳይ ወገን ሽማግሌ ይላካል፤ ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ይገባሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ሲያበቃ «ደሙ ደረቀ» ይባላል። ይህ የሚሆነው በማይተዋወቁ ሁለት ወገኖች መካከልም ነው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የማን ልጅ ነህ? ከየት ወገን ነህ?» ብለው ነው፤ በዓይን ያላዩትን ዘመድ በቃል ይቆጥራሉና። ቺምፓንዚ እናቱንና ወንድሙን ያውቃል፤ አብሮት ያደገውንም ያውቃል። ከተለየው ጋር ግን በስንተኛው ቤት እንደሚገናኝ የሚነግረው ሽማግሌ የለውም። ካሃማዎች ከካሳኬላዎች ተለይተው ባዕድ ለመሆን የፈጀባቸው ሁለት ዓመት ግድም ብቻ ነበር። በኅዳር 14 ቀኑ ጉባኤ ላይ ዘር መቁጠር የሚያውቁ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ያደጉትም ደም በሚደርቅበት አገር ነው።

የጎምቤው ጦርነት በ1978 አበቃ። ከካሃማ ወንዶች የተረፈ አልነበረም። ካሳኬላዎች ወደ ደቡብ ወርደው የሟቾቹን ደን ያዙ፤ ፍሬውንም በሉ። ብዙ ሳይቆይ ግን ከወዲያ ማዶ ካላንዴ የሚባለው ብርቱ መንጋ እየገፋ መጣ፤ ቀድሞ ካሃማዎች በመካከል ስለ ነበሩ ሁለቱ አይዋሰኑም ነበር። ካሳኬላዎች ከያዙት አብዛኛውን ለቀው ወደ ሰሜን ተመለሱ።